ሠራተኞች በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ ስለሚገኘው ጥቅም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሲያሰማሩ ለሠራተኛውም ለሕዝቡም ስለሚገኘው ጥቅም ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ገበሬ ወንፈል ሲገባ በሰው እርሻ የዋለበት ቀን በራሱ እርሻ ይመለስለታል፤ ደቦ የሚጠራም ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ይጠብቃል። የኩባንያ ሠራተኛ የሚረዳቸው ሰዎች ግን ብድሩን በጉልበትም በድግስም ሊመልሱለት አይችሉም። እንግዲያው እርሱ ምን ያገኛል? ብለን ብንጠይቅ ነውር አይሆንም።

እኔ መልሱን ያገኘሁት ከዚሁ ግቢ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በሁለት አውቶቡስ መጥተው ከኳስ ሜዳው ባሻገር ችግኝ ተከሉልን። ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርገው ነበር፤ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ በምሳ ሰዓት ሄዱ። ዝናቡ ሲያቆም የግቢው የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ስለ ነበረ የሚያጠጣቸው አልተገኘም፤ ጥር ሲደርስ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ደረቁ። የሚያሳዝነው፣ ከተካዮቹ መካከል ፓምፑን በግማሽ ቀን ሊጠግኑ የሚችሉ መካኒኮች ነበሩ። እኛ አልነገርናቸውም፤ እነርሱም አልጠየቁንም። ይህን የምለው እንግዶቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በፎቶግራፉ ላይ እኔም በፊተኛው ረድፍ ቆሜአለሁና።

ከመካኒኮቹ አንዱ አባቴ ናቸው። ችግኞቹ መድረቃቸውን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ በማግሥቱ ግን ለአለቃቸው ተናገሩ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዎች ብቻ፣ ያለ ቆብ፣ መፍቻቸውን ይዘው መጡ። ፓምፑን ፈትተው ዘንጉን ሲያወጡት የተገኘው ችግር ውሃውን የሚስበው ጎማ አልቆ መቅደዱ ብቻ ነበር። አባቴ አዲሱን ጎማ ከገጠሙ በኋላ ውሃው ሲወጣ ስናጨበጭብ፣ መልሰው አፈረሱትና «አሁን እናንተ ግጠሙት» አሉን። አራት ሆነን ሦስት ጊዜ ተሳሳትን፤ በአራተኛው ውሃው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጎማው አንድ ጊዜ አልቆ ራሳችን ለውጠነዋል።

በዚያ ቀን አንድ ወጣት መሐንዲስና ከደመወዝ ክፍል አንዲት ወይዘሮ አብረው ነበሩ። ወይዘሮዋ አባቴን የምታውቃቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ ባለው ስማቸው ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አንዱን ዘንግ በሁለት ጫፍ ይዘው አወጡ። አባቴ ማታ ለእናቴ ሲነግሯት «ሃያ ዓመት ስሠራ ‹ይህ እንዴት ነው?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው ዛሬ አገኘሁ» አሏት። መሐንዲሱ አሁን ፕላኑን ይዞ ወደ አባቴ እየወረደ ያማክራቸዋል። ኩባንያው ለዚያ ቅዳሜ የከፈለው የስድስት ሰው የቀን ደመወዝ በዚህ ብቻ የተመለሰለት ይመስለኛል።

እጅ መብዛቱን አልንቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር፣ ሠራተኞቻቸው እንዲተክሉ ቢሯቸውን የዘጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ችግኝ የሚሞተው በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው አገልግሎት ሠራተኞቹን በትንንሽ ቡድን እየከፈለ ለአንድ ወር ያህል ወደ ሌሎች አገሮች ይልክ ነበር፤ የሚሰጡትም የሚያውቁትን ሙያ ነበር። ደጉ ሳምራዊም ቢሆን ቁስለኛውን ከእንግዳ ማረፊያ አድርሶ ዝም ብሎ አልሄደም፤ ተመልሶ እንደሚመጣ ለባለቤቱ ነግሮት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስም እየተጠራ፣ የቀረው እየተመዘገበ የሚሠራ ሥራ በጎ ፈቃድ ተብሎ ሲጠራ እሰማለሁ። ሠራተኛው የዕረፍት ቀኑን በትእዛዝ ከሰጠ ኩባንያው የሰጠው ምንድን ነው? እነዚያ ስድስቱ ግን ፈቅደው የመጡ ነበሩ፤ ቀኑንም ፋብሪካው ከፍሎላቸዋል።

ፓምፑ ያለው ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ ነው። አምና እንደ ገና የተከልናቸውን ችግኞች የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በየማታው ያጠጧቸዋል፤ እንግዶቻችን ከምሳ በኋላ ብትጎበኟቸው ደስ ይለናል።