በአፍ ገብቶ ስለሚሠራ የውፍረት ሕክምና በጠቅላላ ስብሰባው ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር



በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 3 ላይ የተያዘው የብድር ጥያቄ ነው። አንዲት አባላችን ከሕክምና መረዳጃ ሣጥናችን ተበድረው፣ ውጭ አገር ሄደው ለውፍረት መታከም እንደሚፈልጉ በጽሑፍ አመልክተዋል። እኔም ዛሬ የምናገረው በፈቃዳቸው ነው። ማመልከቻው ከተሰማ ወዲህ በሰፈሩ ሳቁና ሐሜቱ በዝቷል፤ «ለመቅጠን ደግሞ ብድር?» ያለም አለ። እንግዲህ ከመወሰናችን በፊት ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትን ላስረዳ።

ውፍረት ሲበዛ ስኳርንና የደም ግፊትን ይጠራል፣ ጉልበት ይጎዳል፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ያቋርጣል። ሐኪም ደግሞ እንደኛ በዓይኑ አይለካም። ክብደትን በኪሎ ይይዝና ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍለዋል። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 100 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ 37 ይጠጋል። 30 ከደረሰ እንደ በሽታ ይያዛል። ስለዚህ ሣጥኑ ለሕክምና ከሆነ ይሄም ሕክምና ነው እላለሁ።

ኢንዶስኮፒ የሚባለውን ጨጓራችሁን የታያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው፣ በአፍ ይገባል። ሆድ አይቀደድም። በዚሁ መንገድ ባዶ ፊኛ ጨጓራ ውስጥ ይከቱና ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይሞሉታል። (ፊኛ ሲባል የሽንት ፊኛ የመሰላችሁ አላችሁ፤ አይደለም፣ እንደ ልጆች መጫወቻው ያለ ነው።) ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው ቶሎ ይጠግባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ማቅለሽለሹና ማስመለሱ ከባድ ነው። ብዙ ሐኪሞች ውሃውን ሰማያዊ ቀለም ይቀላቅሉበታል፤ ፊኛው ከቀደደ ሽንት ቀለሙን ስለሚለውጥ ያን ጊዜ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ተንፍሶ ወደ አንጀት ከወረደ ሊዘጋው ይችላላ!

ሁለተኛው በዚያው ቱቦ መርፌና ክር አስገብቶ ጨጓራን ከውስጥ አጥፎ መስፋት ነው። ተቆርጦ የሚወጣ ነገር የለም። ላንሴት የተባለው የሐኪሞች መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የተሰፋላቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ከክብደታቸው 13.6 በመቶ ቀንሰዋል፤ ምክርና የአመጋገብ ሥርዓት ብቻ የተሰጣቸው 0.8 በመቶ። የ100 ኪሎው ሰው አሥራ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ቀላል አይደለም፣ ተአምርም አይደለም።

ፊኛው አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። አሜሪካኖች በ1985 እ.ኤ.አ. አንዱን ፈቅደው ጨጓራ እያቆሰለ ስላስቸገረ ቀርቷል። የተሻሻለው በ2015 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ፊኛ ከገባላቸው በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ስለሞቱ 5 ሰዎች ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የጨጓራ ቁስል ያለበት ወይም ቀድሞ ጨጓራው የተቀደደ ሰው ፊኛውን አያስገባም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2015 የተፈቀደው ዓይነት ፊኛ በ6 ወር መውጣት አለበት። ውጭ አስገብቶ አገር ከተመለሱ በኋላ ማን ያወጣዋል? በሌሊት ቢያማቸው ምን እንደገባላቸው የሚያውቅ ሐኪም ማን ነው? ከወጣም በኋላ አመጋገብ ካልተለወጠ ክብደቱ ይመለሳል፤ ብድሩ ግን እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። አመልካቿ እዚህ አገር የሚከታተላቸው ሐኪም የጻፈው ወረቀት ያምጡ፤ ፊኛ ከሆነ የማውጫውም ወጪ አብሮ ይታሰብ፤ የት እንደሚወጣ ከመሄዳቸው በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ይህ ከተሟላ ብድሩ እንደማንኛውም ሕመምተኛ ይሰጣቸው እንላለን። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ተቃውሞ ያለው እዚያው መጥቶ ይናገር፣ በየቡናው ላይ አይሁን።