ቅቤው የት ሄደ?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ሲናገር ብዙ ጊዜ ስለ ብር ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ ቅቤ ነው፤ ይቅርታ የምንጠይቀውም ስለዚሁ ነው።

እንደምታስታውሱት ለበዓል ሽያጭ 10 ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝተን አስነጠርን። መዝገባችን ላይ «ገቢ 10 ኪሎ» ብለን ስለጻፍን 10 ኪሎ ንጥር ቅቤ ጠበቅን። የተረከብነው ግን 7 ኪሎ ከ800 ግራም ነበር። በአፋችን ባንናገረውም ዓይናችን ወደሚያነጥሩልን እናት ሄደ። እሳቸውም ገባቸው። «ቅቤ ሲነጠር ይጎድላል፣ ውሃ አለበት» አሉን እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሱም። እኛ ደግሞ ለዚህ ቃል መዝገባችን ውስጥ ቦታ አልነበረንም።

በሚቀጥለው ጊዜ አጠገባቸው ቆመን መዘንን። ባዶውን ዕቃ አስቀድመን መዝነን ክብደቱን ቀነስን። ከ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ የወጣው 790 ግራም ነበር። ምክንያቱም ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ነው ስቡ፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከወተቱ የመጣ ነገር ነው። ውሃው እሳት ላይ ይተናል። ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር ማጥለያው ላይ የሚቀርም አለ። አሬራው በደንብ ያልወጣለት ቅቤ ከሆነ ጉድለቱ ከዚህም ይብሳል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ለስሌት እንዲመች የለጋውን ኪሎ 1,000 ብር እንበል። 10 ኪሎው 10,000 ብር ወጣበት። ንጥሩን በ1,100 ብር ሸጠን አተረፍን ብንል፣ 7.8 ኪሎው የሚያስገባው 8,580 ብር ነው፤ 1,420 ብር ከሰርን ማለት ነው። የንጥሩ ኪሎ ለራሳችን የቆመብን በ1,282 ብር ነው፤ ቅመሙና ከሰሉ ገና አልተቆጠረም።

ሁለተኛው ስህተታችን ሊትርን እንደ ኪሎ መቁጠራችን ነው። 1 ሊትር የቀለጠ ንጥር ቅቤ 910 ግራም ገደማ ይመዝናል። በሊትር ዕቃ ሞልተን «ኪሎ ነው» ብንል ገዢያችንን 90 ግራም አጎደልናት። እኛ ሳናውቅ፣ እሷም ሳታውቅ።

ሦስተኛው የኬክና የብስኩት ነገር ነው። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን የሚልኩልን አሠራር «አንድ ስቲክ ቅቤ» ይላል። አንድ ስቲክ 113 ግራም ነው፤ ግማሽ የእነሱ ኩባያ ወይም 8 የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ሙሉው ኩባያ 227 ግራም፣ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ነው። የቤታችን ብርጭቆ ግን አንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል በሚዛን እንሥራ። በ100 ግራም የገበታ ቅቤ ፋንታ ንጥር ስንጠቀም 80 ግራም ይበቃል፤ የጎደለውን ውሃ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ እንተካለን። ለኬክ የሚሆነው ንጥር ቅመም ያልገባበት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ መዝገባችን ሦስት ዓምድ ይኖረዋል፦ የገባ ለጋ፣ የወጣ ንጥር፣ የጎደለ። የጎደለው ከ100 እጅ 20 ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ከሆነ የቅቤው ጠባይ ነው። በጣም ከበዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሸጠልን ነጋዴ ነው፤ ያነጠረችው እህት አይደለችም።

ሚዛኑን የገዛችሁልን ደጋፊዎቻችን፣ ያወጣችሁት ገንዘብ የአንዲት እናት ስም አስጠብቋል። እናታችን፣ እዚህ ስላሉ በሁሉም ፊት እንናገራለን፤ የጎደለው ከእርስዎ እጅ ሳይሆን ከእኛ መዝገብ ነበር። ይቅር ይበሉን።