መድኃኒት ብለን ስለምንጠራው መርዝና ስለ ወደቁት ወፎች

በዘመነ ጽጌ በራዲዮ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አሁን ያለንበት ወቅት ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ አርባ ቀን የሚቈየው ዘመነ ጽጌ ነው። ክረምቱ አልፎ ምድር አበባዋን አውጥታለች፤ ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፥ ከአምቦ እስከ ጉደርና እስከ ጌዶ ድረስ ስንዴው እሸት ይዟል፤ ጤፉም ዘለላውን አውጥቷል። በዚህ ወራት አባቶቻችን የሚያውቁት አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም የመስቀል ወፍ ነው። ጠፍቶ የሚከርምን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንህብን» እያልን እንወቅሰዋለን። ነገር ግን ይህ ወፍ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በበጋው ወራት እንደ ድንቢጥ ያለ ተራ ልብስ ለብሶ ከመካከላችን ይኖራል፤ እኛ ግን ለይተን አናውቀውም። ዝናሙ ሲዘንም፥ ሣሩ ሲያድግ፥ ወንዱ ጥቁርና ቢጫ፥ ወይም ጥቁርና ቀይ ካባ ይደርባል፤ ያን ጊዜ ሁላችን አይተን እንደነቃለን። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ አብሮን የኖረውን ጎረቤት የምናስታውሰው ባጌጠበት ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ቢሞትስ መቼ እናውቅ ይሆን? ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነገር ነው።

በ2009 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ትል ወደ አገራችን እንደ ገባ ታስታውሳላችሁ። በቆሎውን ከእምብርቱ ገብቶ ይበላ ነበር። የግብርና ሠራተኞችም ትሉ በእጅ እንዲለቀም፥ ከበዛም ፀረ ተባይ እንዲረጭ አስተማሩ። እኔ ያን ጊዜ ከአምቦ ብዙ በማትርቅ በአንዲት የገጠር ደብር አገለግል ነበር። ገበሬዎቹ ወደ እኔ መጥተው፥ «አባታችን፥ ምሕላ እናድርስ ወይስ መድኃኒት እንግዛ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ምሕላውንም አድርሱ፥ መድኃኒቱንም ግዙ» አልኋቸው። እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስሕተት አልነበረም። እግዚአብሔር እጅና አእምሮ የሰጠን እንድንሠራበት ነውና።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሜ «መድኃኒቱን እግዚአብሔር ይባርክላችሁ» አልሁና ዝም አልሁ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ ስለ ልኩ፥ ስለ ሰዓቱ፥ ስለ ነፋሱም አላስጠነቀቅሁም። ሰዉም የካህኑን ቃል ይዞ ሄደ። አንዳንዱ ቶሎ ይግደል ብሎ አንድ ክዳን ልኬት በታዘዘበት ሁለትና ሦስት ክዳን ጨመረ። አንዳንዱ በቀትር፥ ነፋስ ሲነፍስ ረጨ። አንዳንዱም መርጫውን ሰውና ከብት በሚጠጣበት ምንጭ ዳር አጠበ።

በሦስተኛው ቀን ለኪዳን ጸሎት ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። በደብራችን ቅጽር ውስጥ ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች አሉ። ሁልጊዜ ወፎቹ ይቀድሙናል፤ እኛ ጸሎቱን ሳንጀምር እነርሱ ይጀምራሉ። በዚያች ማለዳ ግን የገዛ እግሬን ኮቴ ሰማሁ፤ ሌላ የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ጸሎቱን አድርሼ ስወጣ ከወይራው ሥር ወድቀው አየኋቸው። አንዱን ቈጥሬ ሁለተኛውን ስቈጥር ዐይኔ ሌሎቹን አየና መቍጠሩን ተውሁ።

ፊደል ከማስተምራቸው ሕፃናት አንዱ አንዲት ትንሽ ወፍ በነጠላው ጫፍ ይዞ መጣ። ክንፎቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አፏም ረጥቧል፤ ሊያቆማት ቢሞክር እግሯ አልጸና አለ።

«የኔታ፥ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«መድኃኒት ነክቷት ነው ልጄ» አልሁት።

ሕፃኑም ጥቂት አሰበና፥ «መድኃኒት ከሆነማ ለምን አትድንም?» አለኝ።

የምመልስለት ቃል አጣሁ። ወፏም በእጁ ላይ ሞተች።

ምእመናን ሆይ፤ እኔ የግእዝ ግስ ስቈጥር፥ ቅኔ ስዘርፍ ብዙ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ። መድኃኒት የሚለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን፥ ትርጓሜውም መዳኛ፥ ማዳኛ፥ አዳኝ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ጌታችንን መድኃኔ ዓለም ብለን የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። ትልንና ተባይን የሚገድለው ነገር ግን በግእዝ ኅምዝ፥ በአማርኛ መርዝ ይባላል። ይህን የማያውቅ ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ እኔ ግን እያወቅሁ በዐውደ ምሕረት ቆሜ መርዙን መድኃኒት አልሁት። በአገራችን ኦሮምኛ የሚናገሩ ወንድሞቻችንም ለሁለቱም «ቆሪቻ» የሚል አንድ ቃል ይጠቀማሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ ክፉውን መልካም፥ መራራውንም ጣፋጭ ብለው ለሚጠሩ ወዮላቸው ሲል አስጠንቅቋል። ስም ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒት የተባለውን ነገር ሰው አይፈራውም፤ በባዶ እጁ ያማስለዋል፤ ከእህል ጋር በአንድ ጓዳ ያስቀምጠዋል፤ በባዶ ዕቃውም ውኃ ይቀዳበታል። መርዝ ብንለው ኖሮ እናቶች ከልጆቻቸው ያርቁት ነበር።

አሁን ደግሞ ይህ መርዝ ወፍን እንዴት እንደሚገድል አስተውሉ። ከእነዚህ መርዞች ብዙዎቹ የሚሠሩት የትሉን ሕዋሳት የሚያዝዘውን ጅማት፥ ማለት ነርቩን በማወክ ነው፤ ለወፍና ለሰውም ያው ዐይነት ነርቭ ተሰጥቷቸዋል። ወፏ የተመረዘውን ትል ትበላለች፤ ወይም ለዘር በመርዝ የታሸውንና በቀይ ቀለም የቀላውን ስንዴ ዐፈር ሳይሸፍነው አግኝታ ትለቅማለች። ባትበላም እንኳ በራብ የሚሞቱ አሉ። እህል በል የምንላቸው ወፎች ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትል ነውና፥ ትሉ ፈጽሞ ሲጠፋ እናቲቱ ባዶ አፏን ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ራሔል ካርሰን የምትባል የሥነ ፍጥረት ሊቅ በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመችው መጽሐፍ ዲዲቲ የሚባለው መርዝ ዘማሪዎቹን ወፎች እንዴት እንደ ፈጀ ገለጠች። በዛፍ ላይ የተረጨው መርዝ ከቅጠሉ ጋር ወደ ምድር ይወርድ፥ የምድር ትል ቅጠሉን ይበላ፥ ወፉም ትሉን ይበላ ነበር። የንስሮችም የእንቍላላቸው ቅርፊት ከመሳሳቱ የተነሣ ሲታቀፉት ይሰበር ነበር። አሜሪካም በ1972 በዲዲቲ እርሻን መርጨት ከለከለች። ወደ እኛ አገር ዲዲቲ የገባው በወባ ላይ ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለወባ የመጣው በስውር ወደ አትክልትና ወደ ጫት ማሳ ይገባ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ያጠኑ ሊቃውንትም ዓሣ በሚበሉ አዕዋፍ ሰውነት ውስጥ ቅሪቱን አግኝተዋል። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ያረጀውም መርዝ ብዙ ስለ ነበረ፥ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ወዲህ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ እንዲቃጠል ሆኗል። የገዛነውን ሞት ለማስወገድ ዳግመኛ ዋጋ ተከፈለበት ማለት ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ ገበሬ «አባ፥ ወፍ ለእኔ ጠላቴ ነው፤ ግሪሳ ማሳዬን ሲያራቍተው አላዩምን?» ይለኝ ይሆናል። አይቻለሁ ልጄ። እኔም በልጅነቴ ማማ ላይ ተቀምጬ፥ ጅራፍ እያጮኽሁና ወንጭፍ እየወረወርሁ ወፍ ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ጠላትህ ብቻ ነውን? በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የቻይና መንግሥት ድንቢጥ እህል በላብን ብሎ ሕዝቡን ሁሉ አዘመተባት። ከበሮና ብረት ድስት እየመቱ እንዳታርፍ ከለከሏት፤ እርሷም ደክማ ከሰማይ ትወድቅ ነበር። ድንቢጧ ባለቀች ጊዜ ግን የምትለቅመው አንበጣና ተባይ በዛ፤ በ1960 ዐዋጁን ሽረው ድንቢጧን ከጠላቶች ቍጥር አወጧት። እህል የሚበላውን ወፍ ሲያሳድዱ፥ ያለ ደመወዝ ትል የሚለቅምላቸውን ሠራተኛ አባርረው ነበርና።

ኢትዮጵያዊው ቅዱስ ያሬድን አስቡት። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ሕፃን ሳለ ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ እንደ ወጣች አይቶ ተጽናና። በኋላም እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ከገነት ልኮ ሰማያዊውን ዜማ እንዳሰማው አባቶቻችን ጽፈውልናል። እንግዲህ የያሬድ መምህራን ትልና ወፍ ናቸው። ከትሏ ትዕግሥትን፥ ከወፎቹ ዝማሬን ተማረ። በየደብራችን ግእዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ እያልን የምንዘምር እኛ የወፍ ደቀ መዛሙርት ነን። በቅጽራችን ያሉ ወፎች ዝም ሲሉ የመምህሮቻችን ድምፅ ጠፋ ማለት ነውና ማዘን ይገባናል። ጌታችንም በጥቂት ሳንቲም ከምትሸጠው ድንቢጥ አንዲቱ እንኳ ያለ አብ ፈቃድ እንደማትወድቅ አስተምሮናል። እኔ ከወይራው ሥር ሲበዙብኝ መቍጠሩን ተውሁ፤ እርሱ ግን አልተወም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማሳህን ለተባይ ተወው አልልህም፤ የልጅ ራብ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። እግዚአብሔር የሰጠንን ሕግ ተመልከቱ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ የወፍ ጎጆ በመንገድ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አንድ አድርጎ እንዳይወስድ፥ እናቲቱን እንዲለቅቃት ታዟል። አስተውሉ፤ ሕጉ ፈጽመህ አትንካ አላለም፤ ልክ አበጀ እንጂ። ለዛሬ ሥራችንም ልክ ያስፈልገዋል። በእጅ ሊለቀም የሚቻለውን ትል በደቦ ወጥታችሁ ልቀሙት። ግድ ሆኖ የምትረጩ ከሆነ በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በየቀበሌአችሁም የግብርና ሠራተኛ አለ፤ ማን እንደሚገድልና ምን ያህል እንደሚበቃ ጠይቁ፤ ከታዘዘው ክዳን አንድ አትጨምሩ። ነፋስ በሌለበት፥ ንብ ወደ ቀፎዋ በገባችበት በምሽት ርጩ። ከምንጭ፥ ከወንዝ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ደን ራቁ። በመርዝ የታሸ ዘር ስትዘሩ በዐፈር ሸፍኑት። ባዶ ዕቃውን ብሱት፤ ውኃም ጠላም አትቅዱበት። የገዛችሁትንም በስሙ ጥሩት፤ መርዝ በሉት።

እኔም በሚቀጥለው እሑድ በዚያው በዐውደ ምሕረት ቆሜ፥ በዚያ ሕፃን ፊት፥ «ባለፈው እሑድ መርዝን መድኃኒት ብዬ አስቻችኋለሁና ይቅር በሉኝ» አልሁ። ሕዝቡም «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ደብር ያሉ ገበሬዎች ወደ ገበያ ሲወርዱ «መርዝ ልገዛ ነው» ይላሉ፤ እንዲህ ብሎ የሚገዛ ሰውም አብዝቶ አይገዛም። በዓመቱ በመስቀል ሰሞን ወፎች ወደ ወይራዎቹ ተመለሱ፤ እንደ ቀድሞው ብዙ አልነበሩም፤ ነገር ግን በኪዳን ሰዓት ቀድመውን ጀመሩ።

የሰማይን ወፎች የሚመግብ፥ የወደቁትንም የሚቈጥር አምላክ፥ ለእኛ የማዳንን እጅና የማስተዋልን ልብ ይስጠን፤ እህላችንን ይባርክልን፤ በየደብራችን ዛፎችም ላይ የማለዳውን ዝማሬ አያጥፋብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።