ሙዝን የሚያበስለው ጥንድ ኤሌክትሮን



ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ሙዝ ጥሬውን ይጓዛል፤ የሚበስለው ከደረሰ በኋላ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ አንድዶ ማብሰል የቆየ ልማድ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ኢቲሊን የተባለው ጋዝ ጭምር ነው። ፍሬዎችም ሲበስሉ ይህንኑ ጋዝ ያመነጫሉ። የበሰለ የጨንቻ ፖም ከጥሬ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ቢቀመጥ ሙዙ ፈጥኖ የሚበስለው ስለዚህ ነው።

ኢቲሊን ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጂን ነው። ሁለት ሃይድሮጂን ብቻ የሚበልጠው ኢቴን ግን ሙዝ አያበስልም። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን ተጋርተው እንደሚተሳሰሩ አስረዳ። ስለዚህ ከመሣላችን በፊት እንቆጥራለን። እያንዳንዱ አቶም የውጨኛ ሼሉን ኤሌክትሮኖች ያዋጣል፤ ካርቦን አራት፣ ሃይድሮጂን አንድ። የኢቲሊን መዋጮ 12፣ ማለትም 6 ጥንድ ነው። ካርቦኖቹን እርስ በርስ ለማያያዝ አንድ፣ ሃይድሮጂኖቹን ለማያያዝ አራት ጥንድ እናወጣለን፤ አንድ ይተርፋል። ትርፉን ለአንደኛው ካርቦን ብቻ ብንሰጠው እርሱ ስምንት ሲሞላ ሌላው በስድስት ይቀራል። በመካከላቸው ስናኖረው ግን ሁለቱም ይሞላሉ፤ ድርብ ትስስር የሚገኘው ከዚህ ነው። በኢቴን 14 ኤሌክትሮን፣ 7 ጥንድ፣ 7 ትስስር አለ፤ የሚተርፍ የለም።

በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ኢቲሊንን የሚቀበለው ፕሮቲን የመዳብ አዮን ይዟል። ኢቲሊን ከመዳቡ ጋር የሚያያዘው በዚያ ትርፍ ጥንድ ነው። የሉዊስ ሥዕል ሁለቱን መስመሮች አንድ ዓይነት አድርጎ ቢያሳየንም፣ ሁለተኛው ጥንድ ከሞለኪውሉ ገጽ በላይና በታች ተዘርግቶ የተጋለጠ ነው።

ካልሲየም ካርባይድ እርጥበት ሲያገኝ የሚሰጠው አሴቲሊን ደግሞ 10 ኤሌክትሮን፣ 5 ጥንድ አለው፤ ሦስቱ ለአጽሙ ወጥተው ሁለት ስለሚተርፉ ትስስሩ ሦስትዮሽ ይሆናል። እርሱም ያበስላል፤ ነገር ግን ከኢቲሊን እጅግ የበለጠ መጠን ይፈልጋል። በተጨማሪም ለንግድ የሚቀርበው ካርባይድ የፎስፈረስና የአርሴኒክ ርዝራዥ ስለሚይዝ መርዛማ ጋዞችን ሊያወጣ ይችላል። ሥዕሉ አሴቲሊን ለምን እንደሚያበስል ይነግረናል፤ ስለ ርዝራዡ ግን ምንም አይለንም። ነጋዴው መጥቶ ሲጠይቃችሁ ሁለቱንም ማወቅ ይጠበቅባችኋል።

ድርብ መስመሩን በቃል አጥንቶ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ተማሪ አዲስ ሞለኪውል ሲገጥመው ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ወስዳችሁ ሞክሩ። ኦክስጅን ስድስት ስለሚያዋጣ ድምሩ 20 ነው። ሕጉን የሚያሟሉ ሁለት ሥዕሎች ታገኛላችሁ፤ አንዱ በአረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል ነው፣ ሌላው በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነና ለምን እንደተለያዩ ጽፋችሁ አምጡልኝ።