ቆሻሻን መለየት ከቤት ይጀምራል



አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደኛ ነው የሚወርደው። ቦዩን በፌስታል ከደፈንነው ወዴት ይሂድ? ቤታችን ይገባል እንጂ!

ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከየቤቱ ቆሻሻ ይሰበስባሉ። እንጀራቸው ነው። ላስቲክና ቆርቆሮውን ለይተው ይሸጣሉ። የአትክልት ልጣጩ ደግሞ ከአፈርና ከእበት ጋር ተደባልቆ፣ ውሃ እየጠጣና እየተገላበጠ ሲቆይ ብስባሽ ይሆናል። ከመቂና ከባቱ ማሳ የመጣው አትክልት፣ ትርፍራፊው ተመልሶ መሬት ያዳብራል ማለት ነው።

እኔ ለማስተማር የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከወጣቶቹ ጋር ጋሪ ስገፋ የአንዱን እጅ የጠርሙስ ስባሪ ቆረጠው። ለምን? ሁሉን ባንድ ጆንያ ደባልቀን ስለሰጠናቸው ነው። ላስቲክ የተቀላቀለበት ብስባሽም ገዢ የለውም። ገቢ ከሌለ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ቆሻሻው ይከመራል። ክምር ሰው ይገድላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ሁለት ዕቃ እናዘጋጅ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው። ስባሪውን ለብቻው እንጠቅልል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።