በተዘጋ በር ውስጥ ስለምትደበደብ ሚስት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር፣ በጎርጎራ፣ በጥንታውያን ሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያም አለች። ወር በገባ በ21 በቅጽሯ ከሚቆሙት እናቶች መካከል ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ያሰረች አንዲት ሴት ብትኖር፣ ከሻሹ በታች ያለውን ሰንበር ማን ያየዋል? ለነፍስ አባቷ ልትነግር በቀረበች ጊዜ የሚቀድማት ቃል «ልጄ፣ ምን አጠፋሽ?» የሚል ከሆነስ ወዴት ትሂድ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የጎርጎራ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ያገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች ከመቶው 34ቱ ከባላቸው ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ልባችንን ይበልጥ የሚወጋው ግን ሌላው ቁጥር ነው። ምግብ ስላረረባት፣ ስለ ተከራከረችው፣ ሳትነግረው ስለ ወጣች፣ ልጆቿን ችላ ስላለች ወይም መኝታ ስለ ከለከለችው ባል ሚስቱን ሊመታ ይገባዋልን? ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ ስለ አንዱ ምክንያት «ይገባዋል» ያሉት ሴቶች ከመቶው 63 ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. 81 ነበሩና ቀንሷል፤ ነገር ግን ተመቺዋ ራስዋ ዱላውን የሚገባት ቅጣት አድርጋ እንድትቈጥረው ያስተማራት ማን ነው? «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው፣ በየጠላ ቤቱ የሚሣቅበት ክፉ ተረት አይደለምን?

ግፉ ብዙ ጊዜ በዱላ አይጀምርም። አስቀድሞ ባል ሚስቱን ከዘመዶቿ ያርቃታል፤ ገንዘቡን ይቈልፍባታል፤ በሰው ፊት ያዋርዳታል፤ ከዚያም እጁን ያነሣል። በማግሥቱ ያለቅሳል፣ ቀሚስ ይገዛል፣ ሽማግሌ ይልካል፤ ጥቂት ከረመ በኋላ ግን ተመልሶ ይመታል። አባቱ እናቱን ሲደበድብ እያየ ያደገ ወንድ፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጃገረድ፣ የራስዋ ገቢ የሌላት ሚስት፣ እነዚህ ሁሉ ለዚህ መከራ የቀረቡ ናቸው። እርግዝና እንኳ ሁልጊዜ ከዱላ አያስጥልም። አረቄም እሳቱን ያባብሳል። ነገር ግን ሰክሮም ቢሆን አለቃውን የማይነካ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ በሚስቱ ላይ ብቻ የሚበረታ ከሆነ፣ ጥፋቱ የአረቄው ብቻ ነው ልንል አንችልም።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲያስተምር፣ ሚስትን ለመምታት የሚያበቃ ምንም ጥፋት እንደሌለ ተናግሯል። ጩኸቷ በየመንገዱ ሲሰማና ጎረቤት ሲሮጥ፣ ውርደቱ የመቺው መሆኑንም ገልጿል። እንግዲህ ትዕግሥት የክርስቲያን ጌጥ ነው በማለት ቁስለኛዋን ወደ ዱላው የሚመልስ ሁሉ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ባልን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ ሚስቱን እንዲወድ ያዘዘውን ወዴት አኖረው?

ለማስታረቅ የምትቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ሴቲቱን ባልዋ በሌለበት ለብቻዋ ስሙአት፤ በፊቱ እውነቱን ልትናገር አትችልምና። አንገቷን አንቆ ያውቅ እንደ ሆነ፣ እገድልሻለሁ ብሏት እንደ ሆነ፣ በቤት ውስጥ ጠመንጃ እንዳለ ጠይቋት። እነዚህ የሞት ምልክቶች ናቸውና በይቅርታ ቃል ብቻ አይታለፉም። ሚስት ልትለየው የተነሣችበት ወራትም እጅግ አስጊ ነው፤ ስለዚህ የምታድርበትን ቤት አስቀድማችሁ አዘጋጁላት፤ ስፍራውንም አትግለጡ። ሴት ልጃችሁ በሌሊት በራችሁን ብትመታ «ሰው ምን ይለናል» አትበሉ።

ይህን ማድረግ ጋብቻን ማፍረስ የሚመስላቸው አሉ። ፍትሐ ነገሥት ግን አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ የተነሣ እንደ ሆነ መለያየትን ይፈቅዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል፤ ስለዚህ ወደ ፖሊስ የሄደችውን ሚስት ገመና አወጣች ብሎ የሚነቅፋት አይኑር። ወንድሞቻችን ካህናትም ንስሐ ልግባ ብሎ የሚመጣውን ባል፣ የመታው እርሱ ነውና፣ «ምን አጠፋህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ቀኖናውንም ለእርሱ ይስጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።