ኬብልካርድና ቪዲዮ መቅጃው
በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች አብዛኛውን ባለ ከፍተኛ ጥራት ሥርጭታቸውን ቆልፈው ስለሚልኩ፣ ደንበኛው ራሱ የገዛው ዲጂታል መቅጃ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ የተቆለፉትን ጣቢያዎች ለመቅዳት ኬብልካርድ የተባለውን፣ ከኩባንያው የሚገኘውንና ቁልፉን የሚፈታውን ትንሽ ካርድ ይሻል። ካርዱን መሰካት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የካርዱና የመቅጃው መለያ ቁጥሮች በኩባንያው ዘንድ በአንድነት መመዝገብ ያለባቸው ሲሆን፣ አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች የተቆለፉት ጣቢያዎች አይከፈቱም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው ቲቮ ሲሪስ 3 የተባለው መቅጃ ሁለት ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ እንዲቀዳ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥርጭት ብቻ የሚፈቱ ሁለት ካርዶች ሊሰኩበት ይችሉ ነበር። የተመልካቹን የመምረጥ መብት በእጅጉ ያገለገለው ይህ አሠራር አሳዛኝ በሆነ መልኩ ተዳክሟል፤ የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኩባንያዎቹ ካርዱን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2020 አንሥቷል።